ለሁለት ቤት አንድ አምፖል

ግንቦት ልደታ ደጅ ነው የሚከበረው። ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ ደጅ ይበላል፣ የተረፈውም ወደ ቤት አይገባም፤ እናቶቻችን እንዲህ ነበር ያስተማሩን። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደጄ ደረጃ ነው፣ ከደረጃው በታች ደግሞ የሰው መኪና። ቢሆንም በየዓመቱ የብሎካችን ሴቶች ተሰብስበን መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ጉልቻ እንጎልታለን፤ ጥበቃው ጭሱን አይቶ ያጉረመርማል፣ ንፍሮውን ሲቀምስ ማጉረምረሙን ይረሳዋል። ዘንድሮ ግን የዕድራችን ሊቀመንበር በየበሩ እያንኳኩ በዓሉን ሙዚየሙ ግቢ እናክብረው ብለው ነገሩን። እኔ መጀመሪያ አልሄድም ብዬ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፣ ደግሞም የገዛ ድህነቴ መግለጫ ተለጥፎበት ሰው ሲጎበኘው ማየት አላማረኝም።

ሙዚየም ሲባል ለእኔ ዘውድና ጋሻ የሚቀመጥበት፣ እጅን ወደ ኋላ አድርገው በዝምታ የሚያዩት ቤት ነው። የእኛው ሌላ ነው። ከብሎኮቹ ጀርባ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ምንም ሳይሠራበት የቀረ ቁራሽ መሬት ነበር። ዕድሩና ጥቂት የተማሩ ልጆች ተባብረው የፈረሰውን ሠፈራችንን በትንሹ እዚያ ላይ መልሰው ተከሉት። አንድ የቦኖ ውሃ አለ፣ ዙሪያውን ባልዲና የዘይት ጣሳ ተደርድሮ። አንድ የቆርቆሮ ሱቅ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የክብሪት ፓኮና የሳሙና መጠቅለያ የተሰደረበት። አንድ ግንብ የሌለው የግቢ በር አለ፣ ብቻውን የቆመ፤ ሰው በጎኑ ማለፍ ሲችል ሁሉም በበሩ ነው የሚገባው። መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ተሠርታለች። ሠፈሩ ከመፍረሱ በፊት ተማሪዎች መጥተው ቤቶቹን በሜትር ለክተው ወረቀት ላይ አስቀርተዋቸው ነበር፤ ይቺንም በዚያው ልክ ነው የሠሯት። ያችን ክፍል ገና ከሩቅ ሳያት አወቅኋት። ያደግኩባት ናት።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ እትዬ ዘርፌ ይመጣሉ መባሉ ነው። እትዬ ዘርፌ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። አሁን ሰማንያ ምናምን ዓመታቸው ነው፣ ሠፈሩ ሲፈርስ ደርሷቸው ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ሄደዋል፣ እኔም ከሄዱ ወዲህ ያየኋቸው ለቅሶ ቤት ሁለቴ ብቻ ነው። ለእሳቸው የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። በአሥራ አንድ ዓመቴ አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ። በዚያ ውሸት ሁለት ቤት ተኳረፈ፤ እናቴና እትዬ ዘርፌ፣ ከእህት የሚቀራረቡ የነበሩት፣ ተዘጋጉ፤ እናቴም እንደተዘጋጉ ሞተች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ስንቱ ምስክር እጁን አንስቶ ሲምል፣ ስንቱ ደግሞ ምሎ ሲዋሽ በእነዚህ ጣቶች ጽፌያለሁ። እያንዳንዱን ውሸታም ስጽፍ ያቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ትዝ ትለኝ ነበር። እትዬ ዘርፌ ሳይሞቱ ልነግራቸው ይገባል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚደርስ ማን ያውቃል ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ወረድኩ።

ግቢው ውስጥ ንፍሮው ገና አልበሰለም ነበር። እትዬ ዘርፌም አልደረሱም። ሜሮን የምትባል፣ አንገቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች አስጎብኚ ወጣት እጄን ይዛ እማማ ይግቡ ብላ ወደ ክፍሏ አስገባችኝ። ስትናገር ጣፋጭ ናት፣ አጥንታለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ አሳየችኝ፣ የአቡጄዲውን ኮርኒስ አሳየችኝ፣ የሽቦ አልጋውን አሳየችኝ፤ እኔም እንደ እንግዳ አንገቴን እየነቀነቅሁ አየሁ። ከዚያ በስተግራ ባለው ግድግዳ፣ ከእኔ ራስ ጥቂት ከፍ ብሎ ወዳለ ክብ ቀዳዳ ጠቆመች። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፣ "ጭስ መውጫ" ይላል። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ጭሳችን የሚወጣው በበሩ፣ በጣሪያው፣ በዓይናችንም ጭምር ነበር፤ ለጭስ ብሎ ግድግዳ የበሳ ሰው በዚያ ሠፈር አልነበረም። ልጄ፣ ይሄ የአምፖል ቦታ ነው አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። የተሠራው አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ቤት እንደነበረ ለእሷ ማን ይንገራት? በሙዚየሙ ከግድግዳው ወዲያ ሣርና ሰማይ ነው ያለው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። ቤቶቹ ረድፍ ናቸው፣ አንዱ ግድግዳ ለሁለት ቤት ነው። ኪራዩ በወር ስድስት ብር ሆኖ መብራት ይጨመርበት ሲባል ሰባት ተኩል ይመጣ ነበርና፣ አባቴና የእትዬ ዘርፌ ባል ጋሽ ወልዴ መከሩ። ግድግዳውን በስተው አንድ አምፖል መሃሉ ላይ ሰቀሉ። ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ ለእነሱ። ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል ነበር፤ ዛሬ ዋት የሚሉትን ያኔ ሻማ ነበር የምንለው። ሲቃጠል በተራ ይገዛል፤ አንዴ አባቴ፣ አንዴ ጋሽ ወልዴ። ማብሪያ ማጥፊያው ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በእነሱ በኩል ነበር። ስለዚህ አንድ ደንብ ወጣ። እነሱ ሊተኙ ሲሉ ዝም ብለው አያጠፉም። የቤቱ ልጅ ሽፈራው በርጩማ ላይ ወጥቶ፣ በቀዳዳው ፊቱን አሳይቶ "ላጥፋው?" ይላል። ከእኛ በኩል የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ማንም ሥራ ከሌለው "አጥፋው" እላለሁ፤ የቤት ሥራዬን ካልጨረስኩ "ትንሽ ቆይ" እላለሁ። እሱም ይቆያል። ያ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ንፍጡ የማይደርቅ ልጅ በርጩማው ላይ ቆሞ ዓይኑ እየተጨፈነ እስክጨርስ ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ በአራተኛ ፎቅ ቤቴ ሰባት አምፖል አለኝ፣ ሁሉንም እኔው አበራለሁ እኔው አጠፋለሁ፣ ላጥፋው ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።

ቀዳዳው ለመብራት ብቻ አልነበረም። ጨው ያልፍበታል፣ ላምባ ያልፍበታል፣ የተቀደደ ሱሪ ከእኛ ሄዶ ተሰፍቶ ይመለስበታል፤ ጋሽ ወልዴ ሜክሲኮ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴ አስካለና እትዬ ዘርፌ በተለይ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቀዳዳ ያወሩ ነበር፣ አንዷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሌላዋ ልብስ እየተኮሰች። ከሁለቱ ቤት ፊት ለፊት ያለው መንገድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ከረሜላ በአምስት ሳንቲም ሦስት። ጎረምሶቹ መሬት የሚጠርግ ቦላሌ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ማበጠሪያ ኋላ ኪሳቸው ሰክተው ከቦኖው አጠገብ ይቆማሉ። ትንንሾቹ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ከሜክሲኮ እያቃሰቱ ይመጣሉ። የሱቁ ባለቤት ሬዲዮናቸውን ደጅ አውጥተው ያስቀምጡታል፤ አዲስ ዘፈን የወጣ ዕለት ባልዲ የያዘችው ሴት ሁሉ ውሃው ሞልቶ እየፈሰሰ ቆማ ታዳምጣለች። የእትዬ ዘርፌን አንድ ቀሚስ አልረሳውም፤ ነጭ መደብ፣ ላዩ ላይ ትልልቅ ቀይ አበባ። ባላቸው በገዛ እጃቸው የሰፉላቸው ነው። እናቴ ያንን ቀሚስ በጣም ትወደው ስለነበር ሲያልቅብሽ ቁራጩን ስጪኝ እያለች ትቀልድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወደ ማታ ገደማ ነው። እናቴ ቦኖ ወርዳለች፣ አባቴ ከፍርድ ቤት ገና አልመጣም፤ እሱ እዚያው ተላላኪ ነበር፣ የካኪ ኮቱን ለብሶ። ፀጉሬን ታጥቤ እንደ ውሻ አራገፍኩት። ጠብታው ዘልሎ የጋለው አምፖል ላይ አረፈ፣ አምፖሉም ጧ ብሎ ፈነዳ። ብርጭቆው ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በእነሱ በኩል ወረደ። ሽፈራው ከግድግዳው ወዲያ ምንድን ነው ብሎ ጮኸ። እናቴ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች፣ አምፖሉን ደግሞ አባቴ ከገዛው ገና ሦስት ቀኑ ነበር። የእናቴ እጅ ቀላል አይደለም። ፎጣውን ራሴ ላይ ጠመጠምኩና ሽፌ በቆርኪ መታው አልኩ። ያን ሰሞን ልጆቹ ሁሉ ቆርኪ ማስፈንጠር ይጫወቱ ስለነበር ማን ይጠራጠራል? ሽፈራው በቀዳዳው በኩል ሰምቶኛል። እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም ሲል ድምፁ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጋሽ ወልዴ ሲመጡ በቀበቶ ገረፉት፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደመቱት እየሰማሁ ፀጉሬን አደርቅ ነበር።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። አባቴ ተናዶ ኖሮ ልጅህን ሥርዓት አስይዝ የሚል ቃል ወረወረ። ጋሽ ወልዴ አምፖሉን ነገ እገዛለሁ፣ ልጄን ግን አንተ አታሳድግልኝም አሉ። ቃል ቃልን እየወለደ ሄደ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ አንድ አምፖል ብለው እስከ አያት ቅድመ አያት ተሰዳደቡ። በነጋታው ጋሽ ወልዴ ሽቦውን ወደ ራሳቸው ጣሪያ ሳቡት። ቀዳዳው ከዚህም ከዚያም በካርቶንና በጋዜጣ ተጠቀጠቀ፤ እኛ ቤት ለወራት በኩራዝ ተቀመጥን። በኋላ አባቴ ከወዲያኛው ጎረቤት መስመር አስቀጠለ። ካርቶኑ አይጥ ሲያስገባ እናቴ ከአባቴ አሮጌ የካኪ ኮት ቆርጣ፣ ውስጡን በጥጥ ሞልታ አንድ ክብ መወተፊያ ሰፋችለት፤ መሃሉ ላይ መጎተቻ እንዲሆን የኮቱን ቡናማ ቁልፍ ተከለችበት። ላዩ ላይ ካላንደር ተሰቀለ። በእነሱ በኩል የማርያም ሥዕል እንደተሰቀለበት ሰምቻለሁ። እናቴና እትዬ ዘርፌም ባሎቻቸው ተጣልተው እነሱ ምን ሊሆኑ፣ ደጅ ሲገናኙ ፊታቸውን አዙረው መተላለፍ ጀመሩ። በቦኖው ወረፋ ባልዲያቸው ተጠጋግቶ እነሱ ጀርባቸውን ይሰጣጣሉ። እኔ መሃላቸው ቆሜ እናገራለሁ እያልኩ ስንት ቀን አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ሽፈራው ላይ ደግሞ ስም ወጣበት። ሠፈሩ ሁሉ አምፖል ይለው ጀመር። እኔም አምፖል እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ሰው ሁሉ የሚለውን ሲሉት ውሸት ውሸት አይመስልም። ዘመኑም ተገለባበጠ፤ ቤቶቹ የቀበሌ ሆኑ፣ ስኳርና ዘይት በወረፋ ሆነ፣ ቦላሌው ጠበበ፣ ጎፈሬው ተቆረጠ። ቀዳዳው ግን እንደተወተፈ ቀረ። ከዚያ ዘመን አሁን ሲታሰበኝ ግራ የሚያጋቡኝ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስኳር ነው። የሰው ቤት ስኳር ወር ሳይሞላ ሲያልቅ የእኛ አያልቅም ነበር፣ የእናቴን ቁጠባ ስናደንቅ ኖርን። ሁለተኛው፣ አንድ ቀን ሆዴን አሞኝ ከትምህርት ቤት በጊዜ ስመጣ እናቴ ብቻዋን ስትስቅ በሩ ላይ ሰማኋት፤ ከማን ጋር ነው ብላት ከራሴ ጋር ነው፣ ምን ቸገረሽ አለችኝ፤ ካላንደሩም ተጣሞ ነበር። ሦስተኛው ለቅሶዋ ነው። እኔ ሥራ በያዝኩ በዓመቱ፣ ሁለቱም አባቶች በሕይወት እያሉ እናቴ ታማ ሞተች። እትዬ ዘርፌ ድንኳኑ ውስጥ መጥተው የወደቁት አወዳደቅ ሰውን ሁሉ አስደነገጠ። ሴቶቹ ሳይታረቁ መሞት ክፉ ነው፣ ጸጸት ነው እየተባባሉ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። እኔም ጸጸት ነው ብዬ አመንኩ፤ ያ ጸጸት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው ብዬ ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው ኖርኩ።

ይሄን ሁሉ ለሜሮን አልነገርኳትም፤ የአምፖሉን ብቻ ነገርኳት፣ እሷም በስልኳ ጻፈችው፣ ወረቀቱንም እቀይረዋለሁ አለች። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ልበል ብዬ ስጠጋ፣ አንድ ትንሽ ክብ ትራስ ራስጌው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ "የሕፃን ትራስ" የሚል ወረቀት አለ። ካኪ ነው፣ ነትቧል። መሃሉ ላይ ቡናማ ቁልፍ። እጄ ቀድሞኝ አነሳው። ከየት አገኛችሁት ስላት ሽፈራው የሚባሉ ሰው ከጆንያ ሙሉ አሮጌ ዕቃ ጋር ያመጡት ነው አለችኝ፤ እናታቸው እንዳትጥለው ስላሏቸው እንጂ ምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ገለበጥኩት። በጀርባው በኩል ነጭ መደብ ነው፣ ላዩ ላይ ቀይ አበባ። መሃሉ ላይ የዚያው ኮት ሁለተኛ ቁልፍ ተተክሏል። እናቴ የሰፋችውን የእኛን በኩል ብቻ ነበር አይቼ የማውቀው፤ ይሄ ግን አንዱ ፊቱ የአባቴ ኮት፣ ሌላው ፊቱ የእትዬ ዘርፌ ቀሚስ ነው፣ ስፌቱም አንድ ነው። ከሁለቱም በኩል መጎተቻ አለው። እንደያዝኩት አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ከደጅ ጫጫታ ተሰማ፤ አምፖል መጣ፣ አምፖል መጣ ይላሉ። የሠፈር ልጆች ሽበት አውጥተውም ያንን ስም አይተዉትም። ሽፈራው እናቱን ክንዳቸውን ደግፎ በዚያ ብቻውን በቆመ በር አስገባቸው። ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፣ ራሱ የተመለጠ ሰው ሆኗል፣ ዕድሜውን ሁሉ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ዓመት ነው የተወው። እትዬ ዘርፌ ጎብጠዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ክፍሏ ውስጥ ገብተው ዙሪያውን አዩ፣ ጠበበችሳ አሉ፣ ከዚያ እኔን አልጋው ላይ አዩኝ፣ እጄ ላይ ያለውንም አዩ። ሜሮን በርጩማ አቀረበችላቸው። ተሳሳምን። ስለ ጉልበት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሊፍት መበላሸት ተጠያየቅን። ከዚያ ወዲያ ማዘግየት አልቻልኩም።

"እትዬ ዘርፌ፣ ያኔ አምፖሉን የሰበርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ሽፌ አይደለም። ፀጉሬን ሳራግፍ ነው። በእኔ ምክንያት ነው ከእናቴ ጋር ሳትነጋገሩ የቀራችሁት።"

እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ዘርግተው መወተፊያውን ከእጄ ወሰዱ፣ አበባውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ማን ነው አልተነጋገሩም ያለሽ?" አሉኝ።

ከዚያ የነገሩኝን አሁንም ሳስበው እስቃለሁ፣ ሳልጨርስ ደግሞ አለቅሳለሁ። ኩርፊያው የቆየው አንድ ሳምንት ነው። በስምንተኛው ቀን እናቴ ካርቶኑን በማማሰያ ገፍታ ዘርፌ ጨው አለሽ ወይ አለች፤ ኩርፊያው በዚያው አበቃ። ባሎቻቸው ተጣልተው እነሱ ቢሳሳቁ ግን ቤት ውስጥ ሌላ ጭቅጭቅ ይመጣል፤ እኔና ሽፈራውም ልጆች ስለነበርን ለአባቶቻችን እናወራለን። ስለዚህ ወንዶቹ ሥራ፣ እኛ ትምህርት ቤት ስንሄድ መወተፊያውን ይነቅሉታል፤ የቀትር ጊዜው የእነሱ ነበር። መወተፊያውንም አብረው ነው የሰፉት፣ አንዷ ከዚህ ሌላዋ ከዚያ መርፌውን እየተቀባበሉ። ያ የማያልቅ ስኳር የጋሽ ወልዴ ቤት ስኳር ነበር። ደጅ ሲገናኙ ፊት ያዞራሉ፤ ገብተው ደግሞ ዛሬስ ጥሩ አኮረፍሽ፣ አንቺም አፍንጫሽን ያነሳሽው አነሳስ እየተባባሉ ይስቃሉ። አሥር ዓመት ተርፎታል እንዲህ የኖሩት። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ እናቴ ከሞተች በኋላ እንኳ አልኳቸው።

"አባትሽ በሕይወት እያለ ምን ብዬ ልንገርሽ? በኋላም አንቺ አግብተሽ ሄድሽ" አሉ። "ደግሞስ ከአስካለ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ሰው ሳያውቀው የእኔ ሆኖ እንዲቆይ ፈለግሁ።"

እኔ እንግዲህ ሸክሜ የወረደ መሰለኝ። ሃምሳ ምናምን ዓመት የተሸከምኩት በደል አልነበረም ማለት ነው፣ እናቴ ወዳጇን አላጣችም፣ እትዬ ዘርፌም በጸጸት አላለቀሱም፤ እንደ ወዳጅ ነው ያለቀሱት። ደስ ብሎኝ ልስቅ ቀና ስል ሽፈራውን አየሁት። የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል፣ አይስቅም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህን ሁሉ ዓመት እናቴንና እትዬ ዘርፌን ሳስብ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ ስጨነቅ፣ የተገረፈው ልጅ አንድም ቀን በሐሳቤ ውስጥ ተራ አልደረሰውም ነበር። ለእናቱ ስናዘዝ እንኳ ፊቴን ወደ እሱ አላዞርኩም።

"እኔ እኮ የሰበርኩት ነው የሚመስለኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ቆርኪው ከእጄ ሲወጣ አስታውሰዋለሁ። የብርቱካን ለስላሳ ቆርኪ ነበር።"

ምንም ቆርኪ እንዳልነበረ ነገርኩት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ እኔ አይደለሁም ይል ነበር፣ በኋላ ግን ሰው ሁሉ አምፖል አምፖል ሲለው ጊዜ ሳልሆን አልቀርም አለ፣ እየቆየም ቆርኪው መጣለት፣ ቀለሙ ሳይቀር። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ እጃቸውን ይዞ ያስቀየማቸውን ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቃቸው ከሁሉ በፊት ያነሳው የአምፖሉን ነገር ነበር። ጋሽ ወልዴም እሱን ያኔውኑ ትቼዋለሁ ብለው መርቀውታል። ይሄን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም፤ ብቻ ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሳም። ከዚያ መጣሁ ብሎ ወጣ።

የሄደ መሰለኝ፤ ቢሄድም አልፈርድበትም ነበር። እትዬ ዘርፌ መወተፊያውን መለሱልኝ። ምን ላድርገው? ተነሳሁና ሌላ በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ ሜሮን ደግፋኝ፣ ቀዳዳው ውስጥ መለስኩት። ልክክ አለ፤ ተማሪዎቹ በደንብ ነው የለኩት። ወዲያው ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሣሩ በኩል፣ የእግር ኮቴ ተሰማኝ። ግድግዳው ኳ ኳ ተደረገ። ቁልፉን ይዤ ጎተትኩት። የግንቦት ፀሐይ ገባ፣ በፀሐዩም መሃል የሽፈራው ፊት ነበረ።

ፊት ለፊት ያቃተኝ ነገር በቀዳዳው በኩል ወጣልኝ። ሽፌ፣ አንተ አይደለህም የሰበርከው፣ እኔ ነኝ፣ ስትገረፍ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ፣ በዚያ ስምም አብሬ ጠርቼሃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ንፍሮው ደርሷል ብለው ከደጅ ይጣራሉ። እሱ እዚያው ቆሞ በቀዳዳው ወደ ውስጥ፣ እናቱን፣ አልጋውን፣ ኮርኒሱን አየ። ፊቱን ሊያነሳ ያለ መስሎኝ ነበር።

"የሺ" አለኝ።

"አቤት።"

"ላጥፋው?"

በእንባዬ ውስጥ ያ ንፍጡ የማይደርቀው ልጅ በርጩማው ላይ ቆሞ ዓይኑ ሲጨፈን ታየኝ፤ ያን ሁሉ ማታ ጠብቆኝ ያውቃል።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።

ቆየልኝ።